አዬ ባሎቴ በሯን የዘጋችበት ጊፋታ

ካርድ በመስጠታችሁ በሩን የዘጋባችሁ ሰው አለ? እኔን ገጥሞኛል። ያውም በጊፋታ ቀን። ያውም በሰፈራችን በሯ በቀን ተዘግቶ የማያውቅ ሴት!

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ ላውራ። ስሜ ሰላም ነው። ያኔ ወደ አሥረኛ ክፍል ያለፍኩ፣ ክፍል ውስጥ ግን ስሜ ሲጠራ «አቤት» ለማለት እንኳ ድምፄ የሚጠፋ ልጅ ነበርኩ። የምንኖረው ሶዶ፣ ከኦቶና ሆስፒታል ዝቅ ብሎ ባለ ሰፈር ነው። ቤታችን የሚወራው ወላይትኛ ነው፤ አማርኛ የትምህርት ቤትና የቢሮ ነው። ስናገር ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» እያልኩ ስለምደናገር ይሳቅብኝ ነበር። ታዲያ በዓመቱ መጨረሻ ላይ የአማርኛ መምህራችን፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ስለሚወርድ ዝናብ የጻፍኩትን ድርሰት ለክፍሉ ሁሉ አነበቡት። ማንም አልሳቀም! ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ? ያገኘሁት ነገር ላይ ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። የዘይት ጀሪካን ላይ ሳይቀር «ይህ ዘይት ነው» ብዬ ለጥፌ፣ እናቴ «ምነው፣ ጋዝ መስሎኝ ወጡን እንዳላቃጥለው ነው?» ብላ ስቃብኛለች።

ክረምቱን የሰፈሩን ሕፃናት በረንዳችን ላይ ሰብስቤ ፊደል አስቆጥር ነበር። መስከረም ገብቶ ጊፋታ ሲቃረብ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጊፋታ የወላይታ አዲስ ዓመት ነው። እሁድ ነው የሚውለው። ያን ቀን ሰው ከቤት ይወጣል፣ ይጠያየቃል፣ «ዮዮ ጊፋታ!» ይባባላል። መውጣት የማይችሉስ? ለእነሱ በእጃችን ካርድ ሠርተን ለምን ዋዜማው ላይ በየቤታቸው አናደርስም? ልጆቹ ሐሳቡን ሲሰሙ በረንዳው ሊፈርስ ነበር።

የካርቶን ክዳን ቆረጥን፤ ካለቀ ደብተር ያልተጻፈበትን ገጽ ገነጠልን። ዳሩን በቀይ፣ በጥቁርና በቢጫ አሰመርነው፤ እንደ ዱንጉዛ፣ እንደ ባህል ልብሳችን ማለት ነው። ቢኒ የሚባለው ልጅ ከበሬ ሌላ ምንም መሳል አይችልም። ለአዛውንቱም በሬ፣ እግሯ ተሰብሮ ለተኛችው ጎረቤታችንም በሬ።

«ቢኒ፣ አበባ ብትሞክርስ?» አልኩት።

«ለጊፋታ አበባ ይታረዳል እንዴ?» አለኝ።

ናርዶስ ደግሞ አለች። ሰባት ዓመቷ ነው። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ምላሷ ግን ሙሉ ነው። ካርዱን ለሰዎቹ የምታነበው እሷ እንድትሆን ተስማማን፤ ባንስማማም ታነበው ነበር። ጽሑፉ የእኔ ድርሻ ሆነ።

ከሁሉም አብልጬ የደከምኩት ለአዬ ባሎቴ ካርድ ነው። «አዬ» በወላይትኛ እናት ማለት ነው። እናቴን «አንቺ» ብዬ ስለምጠራ እሷንም «አንቺ» ነው የምላት፤ ስጽፍም «እሷ» ብዬ ነው፤ ድፍረት አይምሰላችሁ። አዬ ባሎቴ ብቻዋን ናት። ባሏ ሞቷል፤ ልጇ አግብታ ቤሌ ከተማ ነው ያለችው። በየጊፋታው ግን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው እሷ ደጅ ነበር። «ዮዮ!» ያላት ልጅ የተቀቀለ እሸት በቆሎ ሳይይዝ አይመለስም። ያን ዓመት ጉልበቷ ታሞ ከግቢ አልወጣችም። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦

«አዬ ባሎቴ፣ ዮዮ ጊፋታ! እኛ የሰፈርሽ ልጆች ደጅሽን እንወዳለን። ጠግበን የሄድንባቸውን ጊፋታዎች አንረሳም።»

መጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይታችኋል? እንዴት እንደኮራሁባት! ደጋግሜ ሰርዤ፣ ደጋግሜ ጽፌ ነው ያገኘኋት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማደል ጀመርን። እግሯ የተሰበረባት ሴት የቢኒን በሬ አይታ እስክታነባ ሳቀች። አንድ አዛውንት ካርዱን ኮታቸው ኪስ ላይ ሰክተው እንደ ሹም ተጎማለሉ። ደስ ብሎን፣ እየዘለልን አዬ ባሎቴ ጋ ደረስን። በሯ እንደ ሁልጊዜው ክፍት ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን በቅቤ ታሻለች።

«ዮዮ ጊፋታ!» አልናት በአንድ ድምፅ።

«ዮዮ! ዮዮ! ዛሬ ነው እንዴ? ነገ አይደለም?»

«ነገ ነው፤ እኛ ቀደምን» አለች ናርዶስና ማንበብ ጀመረች። እሷ በአማርኛ ስታነብ እኔ ወደ ወላይትኛ እመልሳለሁ። አዬ ባሎቴ በፈገግታ ትሰማለች። መጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ስንደርስ ፈገግታዋ ባለበት ቆመ። ነጠላዋን አስተካከለች። ወደ ጓዳ ዞር ብላ አየች።

«ጠብቁኝ» ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ገባች።

የድስት ክዳን ሲነሳ ሰማን። ሲከደን ሰማን። ሌላ ተነሳ፤ ሌላ ተከደነ። ከቆይታ በኋላ ባዶ እጇን ወጣች።

«ነገ... ነገ ኑ፣ ልጆቼ» አለችን። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

እኔ ደክሟት ነው ብዬ ነበር። ከሌሎቹ ልጆች ጋር እየዘለልኩ ሄድኩ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰፈሩ ሁሉ ደምቋል። እናቴ ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራውን ሙቹዋ በሳህን አድርጋ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችና «ለአዬ ባሎቴ አድርሺ፣ እንዳይቀዘቅዝ» አለችኝ። ናርዶስም ተከተለችኝ።

በሩ ዝግ ነው። መስኮቱም ዝግ ነው። ከጣሪያዋ ጭስ አይወጣም።

«አዬ! ዮዮ ጊፋታ!»

በድጋሚ ተጣራሁ።

አንኳኳሁ። ገፋሁት። ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«ሞታለች?» አለች ናርዶስ ጮክ ብላ።

«ዝም በይ! ተኝታ ነው።»

«በጊፋታ?»

በጊፋታ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ፣ ማን በሩን ቆልፎ ይተኛል? ናርዶስን እናቴን እንድትጠራ ላክኋት። እሷ ግን እናቴን ብቻ አይደለም የጠራችው፤ መንገዱን ሁሉ «አዬ ባሎቴ በር አልከፍት አለች!» እያለች ስለሮጠች ግማሽ ሰፈር ይዛ መጣች። እናቴ ተጣራች። ጎረቤቶች ተጣሩ።

«ቤሌ ልጇ ጋ ሄዳ ይሆናል» አለ አንዱ።

«በየትኛው ጉልበቷ?» አለች እናቴ። «ደግሞ ማን ከውስጥ ቀረቀረላት?»

ጋሼ ዳና መጣ። ጎረቤታችን ነው፤ አናጺ ነው፤ ድምፁ ከሰውነቱ ይበልጣል። በሩን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ሴትዮዋ ወድቃ ቢሆንስ? እኛ እዚህ ስናወራ!» አለ። «ዲጂኖ አምጡልኝ!»

ዲጂኖ የሚለውን ቃል ስሰማ ሳህኑን ለእናቴ ሰጥቼ ቤቱን ዞርኩ። ከኋላ በኩል፣ እንሰቱ መካከል፣ የግድግዳው ጭቃ የተሰነጠቀበት ቦታ እንዳለ አውቃለሁ። ዓይኔን ለጠፍኩበት።

መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ምሰሶው ታየኝ። ምሰሶው ላይ የእኛ ካርድ ተሰክቷል። ከሥሩ በርጩማ አለ። በርጩማው ላይ አዬ ባሎቴ፣ የበዓል ልብሷን ለብሳ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። ደህና ናት! እልል ልል ነበር፤ አፌን ያዝኩ።

የተነጋገርነው በወላይትኛ ነው። በአማርኛ ስጽፈው ትንሽ ጣዕሙ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ይኸው።

«አዬ፣ እኔ ነኝ፤ ሰላም።»

«አውቄሻለሁ። ትንፋሽሽ ይሰማል። ሂጂ።»

«አሞሻል?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ለምን ዝም ትያለሽ? ሰው ሞታለች ብሎ ደጅሽ ሞልቷል!»

«ሞልቷል? ይባስ ብሎ!» አለች። «ለሞላው ሰው ምን ላቀርብ ነው?»

አልገባኝም። እሷም እንዳልገባኝ አወቀች። በርጩማዋን እየጎተተች ወደ ስንጥቁ ቀረበች።

«ትናንት ያነበባችሁልኝ ምን ነበር? ጠግበን የሄድንባቸውን ጊፋታዎች አንረሳም። እኔስ ረስቻለሁ? ከዚህ ደጅ ዮዮ ያለ ልጅ ባዶ እጁን ሄዶ አያውቅም። ዘንድሮ ይሄ ጉልበት በቆሎ አላዘራኝም፤ ገበያ አላወጣኝም። ድስቶቼን ሁሉ ከፈትኩ። ዮዮ ብሎኝ ደግሞ ስጦታ ያመጣልኝን ልጅ ባዶውን ከምሸኝ፣ የለችም ይበሉኝ ብዬ ዘጋሁት።»

የኮራሁባት ዓረፍተ ነገር! ለምስጋና የላክኋት፣ እሷ ጋ ስትደርስ የበቆሎ ጥያቄ ሆና ነበር። ፊቴ በእንሰት ጥላ ውስጥ ጋለ።

«አዬ፣ እኛ እኮ ምንም አልፈለግንም።»

«እናንተማ ልጆች ናችሁ። የሰጠኝን ሰው ዓይን የማየው ግን እኔ ነኝ።»

«እናቴ ሙቹዋ ልካልሻለች። ከሱ ለልጆቹ ቆርሰሽ ብትሰጪስ?»

«የእናትሽን ምግብ ለእናትሽ ልጅ?» አለች። ምሬት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ትንሽ ሳቅ ነገር ነበረበት። «ይሄ የሕፃናት ዕቃ ዕቃ ነው፣ ልጄ።»

በዚህ መሃል ከፊት በኩል ብረት እንጨት ሲነካ ሰማን። ጋሼ ዳና «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» ይላል። አዬ ባሎቴ ተነስታ ለመቆም ሞከረች፤ ጉልበቷ አልፈቀደም።

«ሰላም፣ በሬን እንዳይሰብሩብኝ። ተሰብሮ ገብተው፣ ባዶ ቤት ውስጥ ለብሼ ቁጭ ብዬ ካገኙኝ፣ በዚህ ሰፈር ዳግመኛ ቀና ብዬ አልሄድም።»

ምን ልበል? ያ ሁሉ መጻፍ፣ ያ ሁሉ ቃል... አንድ እንኳ አልመጣልኝም። ያኔ ነው ከክርኔ ሥር ናርዶስ ብቅ ያለችው። መቼ እንደመጣች እንጃ፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«ታዲያ አንቺም ወረቀት ስጪን!» አለች በስንጥቁ በኩል።

«ምን አለች?»

«እኛ ወረቀት ሰጠንሽ አይደል? አንቺም ወረቀት ስጪን። በቆሎውን እኛም ቤት አለ።»

«እኔ መጻፍ የት አውቄ?»

«ቢኒም አያውቅም። በሬ ብቻ ነው የሚስለው!»

ከውስጥ የሆነ ድምፅ ሰማሁ። ማልቀስ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሳቅ ነበር። አዬ ባሎቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች።

«ወረቀት አላችሁ?» አለች።

ናርዶስን ወረቀት እንድታመጣ ወደ በረንዳችን አስፈንጥሬ፣ እኔ ወደ ፊት በር ሮጥኩ። ጋሼ ዳና ዲጂኖውን በሩ ሥር አስገብቶ ትከሻውን ሊጥልበት ነው። በእሱና በበሩ መሃል ገባሁ። ክፍል ውስጥ «አቤት» ማለት የማትችለዋ ልጅ!

«አትስበረው!»

«ዞር በይ፣ አንቺ! ሰው እየሞተ ነው!»

«ደህና ናት! አነጋግሬያታለሁ። ሥራ ይዛ ነው።»

«በጊፋታ የምን ሥራ?»

«ካርድ እየሠራች ነው።»

«የስልክ ካርድ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሼ ዳና ግን አልሳቀም፤ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«በራሷ እጅ ትከፍታለች። ትንሽ ብቻ ጠብቁ።»

እናቴ ሳህኑን እንደያዘች ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ምን እንደገባት አላውቅም፤ ከሁላችንም በፊት ግን የገባት ይመስለኛል። «እኔ እጠብቃለሁ» ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እሷ ስትቀመጥ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ። ጋሼ ዳናም ዲጂኖውን ተደግፎ ቆመ።

በእንሰቱ በኩል ያለው፣ እሱም ከውስጥ ተቀርቅሮ የነበረው የጓዳው በር ለእኛ ለልጆቹ ተከፈተልን። አዬ ባሎቴ እኔን ተደግፋ ወደ እንሰቱ ወጣች። ወፍራሙን የቅጠል እግር በቢላዋ ቆረጠችው። የእንሰት ቅጠል እግር ሲቆረጥ ውስጡን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደ ማር እንጀራ ነው፤ ትንንሽ ክፍል በክፍል፣ መስኮት በመስኮት። በየቀኑ አጠገቡ እያለፍኩ አስተውዬው አላውቅም ነበር።

«ልጅ ሆነን በጭቃ እየነከርን የሰው ግድግዳ ላይ እናትም ነበር» አለች። «እናቴ ታባርረን ነበር።»

ከድስቷ ሥር ጥላሸት ፋቀች፤ በውኃ በጠበጠች። ናርዶስ ቀይ አፈር አመጣች። ከመደርደሪያው ላይ የእርድ ቁራጭ ተገኘ። ጥቁር፣ ቀይ፣ ቢጫ! እኛ በከለር እርሳስ ስንለፋበት የከረምነው ዱንጉዛ፣ ጓዳዋ ውስጥ ነበር። የተቆረጠውን እንሰት ነክራ ወረቀት ላይ ጫን አድርጋ ስታነሳው፣ በመስኮት የተሞላ ጨረቃ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ናርዶስ «ኡኡ!» ብላ ጮኸች። ፊት በር ላይ ያለው ሰው እንዳይደነግጥ አፏን አፈንኳት።

አዬ ባሎቴ አንዱን ጨርሳ ሌላ ትጠይቃለች። እጇ ጉልበቷን የረሳ ይመስል ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ አደረገች። ቢኒ «ለእኔ በሬ» ሲላት፣ ሁለት ጨረቃ ጎን ለጎን አትማ «ይኸው ቀንዱ፤ ቀሪውን አንተ ጨርሰው» አለችው።

ሲደርቁ ትልቁን ሳህኗን አወረደች፤ በየዓመቱ በቆሎው የሚቀርብበትን። ጠረገችው፣ ወረቀቶቹን ደረደረችበት። ነጠላዋን አስተካከለች። «አሁን ክፈቺ» አለችኝ። ወዲያው ግን «አይ፣ ቆዪ» አለችና፣ ግድግዳውን እየያዘች ሄዳ መቀርቀሪያውን በራሷ እጅ ሳበችው።

ደጁ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ብድግ አለ።

«ዮዮ ጊፋታ!» አለች አዬ ባሎቴ፣ እንደ ድሮዋ ጮክ ብላ።

«ዮዮ!» አለ ሰፈሩ።

ልጆቹ ተሰለፉ። አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠራች፣ ግንባራቸውን እየሳመች ሰጠቻቸው። ልጆቹ ሲያልቁ አንድ ወረቀት ተርፋ ነበር። ዙሪያውን አየችና ለጋሼ ዳና ዘረጋችለት።

«አንተ ደግሞ በሬን ልትሰብር ነበር አሉ።»

«ወድቀሽ መስሎኝ ነው እኮ፣ አዬ...» ያ ትልቁ ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። ዲጂኖውን መሬት ላይ አስቀመጠ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ በሁለት እጁ ተቀበላት፣ ትኩስ ነገር እንደሚቀበል ሰው።

ያኔ እናቴ ተነስታ ሳህኗን አቀረበች። «ቀዝቅዟል» አለቻት።

«ይሞቃል» አለች አዬ ባሎቴ፣ እየተቀበለቻት። «ሁላችሁም ግቡ። እሳት አነዳለሁ።»

እንግዲህ ገጠመኜ ይኸው ነው። ማንም አልሞተም፣ በሩም አልተሰበረም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያው ሰላም አይደለሁም። ሰውን ማስደሰት ማለት ጥሩ ነገር ይዞ ሄዶ፣ ሰጥቶ፣ እጅን አራግፎ መመለስ ይመስለኝ ነበር። ሰው ግን መቀበል ብቻ አይበቃውም፤ የሚሰጠው ሲያጣ ነው የሚጨልምበት። እናንተም ለአቅመ ደካማ ጎረቤታችሁ አንድ ነገር ስታደርጉ፣ እባካችሁ ለእሱም መስጫ ቦታ ተዉለት። ለገና ካርድ ስንሠራ ከእያንዳንዱ ጋር ባዶ ወረቀት ጨምረን ነው የወሰድነው። የመጣልንን መልስ ብታዩ! አንዱ አዛውንት ጽጌረዳ ለጥፈውበታል፤ እግሯ የተሰበረባት ሴት የቢኒን በሬ ስላ፣ ጺም ጨምራበታለች።

መጻፉንም አልተውኩም፤ እንዲያውም ብሶብኛል። አሁን ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያምረኝ፣ የሚያነበው ሰው ጓዳ ገብቶ ምን ይፈልግ ይሆን ብዬ እጠይቃለሁ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ናርዶስ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ጥርሶቿ በቅለዋል፤ ምላሷ አልቀነሰም።

«አዬ ባሎቴ ልካኝ ነው» አለችኝ።

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። ጊፋታ ደረሰ፣ እንሰቴን ቆርጫለሁ፣ እነዚያ ልጆች ወረቀቱን የት አደረሱት ትልሻለች።»